የኬሎን ሰማያዊ እግር

ግሬናዳ፣ ጉያቭ

ልጄ ዴዝሪን፣ ያጠባሁሽ ጡት ይመርቅሽ፤ የለንደን ብርድ አይንካሽ። እኛ ደህና ነን። የዳቦ ፍሬው ዛፍ እስኪጎብጥ አፍርቷል፤ ጣሪያው ግን አሁንም ያፈሳል።

ልጅሽን ኬሎንን፣ ከውጭ ለሦስት ወር ልትሠራ ወደ መጣችው የሕፃናት ሐኪም ወሰድኩት። ክፉ ዓይን እንዳይነካው፣ እንደ ወጋችን፣ ነጭ ልብስ ስናጥብ የምንጨምረውን ሰማያዊ ቀለም እግሩን ቀብቼው ነበር። ተራ ስንጠብቅ የእግሩን ጣት ሲጠባ ከንፈሩም ሰማያዊ ሆነ። ሐኪሟ ገና ስታየው "ልጁ ታፍኗል!" ብላ ከእጄ ነጥቃው ሮጠች።

"ኧረ ዶክተር፣ ቀለም ነው!" እያልኩ ተከተልኳት።

"እትዬ ቨርና፣ ዶክተሯን በድንጋጤ ሊገድሏት ነው!" ብላ ነርሷ በሳቅ ሞተች። ሐኪሟም ከንፈሩን በጥጥ ጠርጋ ሳቀች። ደረቱን ስታዳምጥ ግን ሳቋ ጠፋ። ልቡ ቀዳዳ አለው፤ ሕመሙ ራሱ ከንፈርና ጣት ሰማያዊ ያደርጋል አለችኝ።

ግራ ገባኝ፣ ልጄ። ቀለሙ ጠበቀው ወይስ ሕመሙን ሸፈነብኝ? ቀለሙ ባይኖርስ ያን ያህል ታዳምጠው ነበር? በሚቀጥለው ወር ቀዶ ሕክምና ሲደረግለት አንድም ቀለም እንዳይኖርበት ብላለች።

የረገጥሽው ይለምልም። እባክሽ ነይና የእግሩን ቀለም አንቺ እጠቢለት፤ የእኔ እጅ እምቢ ብሎኛል።

እናትሽ ቨርና