ማጥፊያ የሌለው የጓዳ ድምፅ ማጉያ

ደምሴ፣

«ጋሼ» አላልኩህም። ገና በመጀመሪያው መስመር ማዕረግህን ገፈፍኩህ። የታላቅ እህቴ ባል፣ ደግሞም ርእሰ መምህር ነህና ሠላሳ ዓመት ሙሉ «እርስዎ» እያልኩ፣ ስትገባ ከመቀመጫዬ እየተነሣሁ ኖርኩ። ዛሬ ያንተው ወንበር ላይ ተቀምጬ፣ እግሬን ዘርግቼ፣ «አንተ» እያልኩ ነው የምጽፍልህ። ከተለየኸን ዓመት ከአራት ወር ሆነ። በለቅሶህ ላይ ድምፄ እስኪዘጋ አልቅሼልሃለሁ፤ ያ ይበቃሃል። አሁን የምነግርህ የተናደድኩብህን ነው።

መጀመሪያ የቤቱን ወሬ ልንገርህና ልገላገል። ጣሪያው በክረምቱ አላፈሰሰም። ልጅህ ትርሲት ደብረ ብርሃን ሁለተኛ ልጇን ወልዳለች፤ አፍንጫው ቁርጥ ያንተ ነው፣ እግዜር ይርዳው። ካፖርትህን ለነፍስ አባትህ ሰጠናቸው። አንተ ስትለብሰው የመሐል ሜዳ ከተማ በሙሉ መንገድ ይለቅልህ ነበር፤ እሳቸው ሲለብሱት ግን ብርድ የመታው ሰው ይመስላሉ። ለሙት ዓመትህ ግድግዳውን እንደገና አስለሰንነው። የኔና ያንተ ጠብም የተነሣው ከዚያ ልስን ነው።

ያንን ዕቃህን መቼም አትረሳውም። የዛሬ ሃያ ሦስት ዓመት ደብረ ብርሃን አንድ አሮጌ ሆቴል ሲዘጋ በጭነት መኪና አስመጣኸው። እንደ ወፍጮ ድንጋይ የከበደ ማጉያ፣ ሸክላ ማጫወቻ፣ ድምፅ የሚወጣባቸው አራት የእንጨት ሳጥኖች፣ አንድ ማይክ። አንዱን ሳጥን ሳሎን፣ አንዱን መኝታ ቤት፣ አንዱን በረንዳ፣ አንዱን ጓዳ ሰቀልክ። ያንን ሁሉ የድንጋይ ግድግዳ በመሮ ፈልፍለህ ሽቦ አሳለፍክ። ጎበዝ ነህ፣ አልክድህም። የአራቱም ክፍል ማብሪያ ግን ማጉያው ፊት ላይ ተደርድሮ ነበር፤ ማጉያው ደግሞ ያንተ ወንበር አጠገብ። አንተ ዜና ስትሰማ ቤቱ በሙሉ ዜና ይሰማል። አንተ ሸክላ ስታዞር ቤቱ በሙሉ ያንኑ ሸክላ ይሰማል። እህቴ ዘነበች ራሷን ቢያማት፣ ሰው ቢሞትባት፣ ዝም ብላ መቀመጥ ቢያምራት፣ ጓዳዋ ውስጥ ያለው ሳጥን ማጥፊያ የለውም።

ማይኩማ! የሰንደቅ ዓላማ ሥነ ሥርዓት ላይ ያለህ ይመስል፣ ጉሮሮህን ጠርገህ «ወይዘሮ ዘነበች፣ እንግዳ መጥቷል፣ በፍጥነት!» ትል ነበር። ውሃ ሲጠማህም በማይክ፣ ካልሲህ ሲጠፋህም በማይክ። እኔ ሳሎን ተቀምጬ እንባዬ እስኪወርድ እስቅ ነበር። ይሄንን አንድ ቦታ ላይ ጻፍልኝ፤ እስቅ ነበር።

ሐዘን ቤት ነውና ዓመትህ እስኪሞላ ማጉያው በነጠላ ተሸፍኖ ተቀመጠ። ለልስኑ ሽቦው ሁሉ ሲነቀል የቱ ከየት እንደነበር የሚያውቅ ሰው አልተገኘም፤ በሕይወትህ አንድ ሰው አስጠግተህ አሳይተህ አታውቅምና። ሙት ዓመትህ ባለፈ በሳምንቱ ዘነበች ነጠላውን ገለጠችና ጠራችኝ። «ግርማቸው፣ ይሄን ነገር መልሰህ ግጠመው። ሰው ሲመጣ ቤቱ ይሙቅ። እኔ የምልህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የጓዳዬን የምዘጋበት እዚያው ጓዳዬ አድርግልኝ» አለችኝ። «ይሄማ ቀላል ነው» አልኳት። እውነትም ቀላል ነበር። ቀላል ስለሆነ ወደ መጨረሻው ገፋሁት።

ታውቀኛለህ፤ ሰዓት ፈትቼ ገጥሜያለሁ፣ የውሃ ፓምፕ ጠግኛለሁ፣ ሁሉንም ማንም ሳያስተምረኝ። እንዲህ ያለ ዕቃ ግን ነክቼ አላውቅም፤ አታስነካማ! ከኋላው ያለው ጽሑፍ ተፍቋል። ስለዚህ የአራቱንም ሳጥን ሽቦ በአንድ ላይ ገምጄ አንድ ቦታ ሰካሁት። ማጉያው ጋለ፣ ሸተተ፣ ፊውዙ ተቃጠለ። ፊውዝ ከመግዛት ይልቅ የሲጋራ ብልጭልጭ ወረቀት ጠቅልዬ ከተትኩበት፤ በዚህኛው ጊዜ ጢስ ወጣ። ተሸክሜው ገበያው ዳር ሬዲዮ ወደሚጠግነው ሰውዬ ሄድኩ። ከፍቶ አየውና «በአንድ አህያ ላይ የአራት አህያ ጭነት ነው የጫንክበት» አለኝ። ለየሳጥኑ የተለየ መሰኪያ ነበረው። ይቺን አንዲት ነገር በወረቀት ጽፈህ ብትተው ምን ነበረበት? ሦስት መቶ ተማሪ ስለ ንጽሕና ስታስጽፍ የኖርክ ሰው!

የሚንኮሻኮሸውን የድምፅ ቁልፍ በስፒርት ጥረገው አለኝ። ስፒርት አጣሁና በአረቄ ጠረግኩት። ቁልፉ እንደ ማር ተጣበቀ። የተረፈውን አረቄ እኔ ጠጣሁት፤ ቢያንስ አንዳችን ደህና ሠራን።

ከዚያ ሳጥኖቹን በካቻቢቴ ፈታሁ። አይጥ ገብቶ ይሆናል ብዬ ነው። ምን እንዳገኘሁ አንተ ታውቃለህ። የበግ ፀጉር! አራቱም ሳጥን ውስጥ ተጠቅጥቆ፣ ጥቁር፣ ረጅም፣ የኔ በጎች ፀጉር! የዛሬ ስድስት ዓመት ከሦስቱ ጥቁር በጎቼ ሸልቼ በጆንያ ያስቀመጥኩት፣ ለብርድ ልብስ፣ ለባና ያሰብኩት፣ ከደጄ የጠፋው። አንተ ሌባ! በዚያ ፀጉር ምክንያት ጎረቤቴን አያ ሞገስን ጠርጥሬ ስድስት ዓመት ሰላምታ ነሥቼው ኖሬያለሁ። አንተ ደግሞ በዚያው ሰሞን ሳሎንህ ተቀምጠህ «ድምፁ ዘንድሮ አልጠራም?» ስትለኝ ነበር። እኔም ጠርቷል ብዬህ ነበር፣ ሞኙ! አያ ሞገስ ዘንድ ሄጄ እግሩ ላይ ወደቅኩ። «ተው ባክህ፣ አንተ ሳታናግረኝ እኮ ስድስት ዓመት ሰላም አግኝቼ ነበር» ብሎ አነሣኝ።

ፀጉሩን አንድ ሳላስቀር አወጣሁና ዘነበች እንድትፈትለው ሰጠኋት። ሳጥኖቹን ባዶአቸውን ብገጥማቸው በባዶ በርሜል ውስጥ የሚያወራ ሰው መሰሉ። ጠጋኙ ሳቀብኝ፤ ለካ ፀጉሩ የሚያስተጋባውን ድምፅ ውጦ የሚያስቀር ነው። ለካ አውቀህ ነው። ዘነበች እኩሌታውን ፈትላዋለች፤ ከተረፈው ጥቂት ትቼላት ሌላውን ተቀብዬ በገዛ እጄ የሰረቅከኝን መልሼ ጠቀጠቅሁልህ። ከዚህ የባሰ ውርደት ካለ ንገረኝ።

ይህን ሁሉ ጊዜ ዘነበች ብቅ እያለች «የጓዳዬስ?» ትለኛለች። «ነገ» እላታለሁ። መጀመሪያ ድምፁ ይጥራ፣ መጀመሪያ አዲሱ ሽቦ ይለፍ። ሽቦውን በመቃ እየገፋሁ በፈለፈልካቸው ቀዳዳዎች ሳሳልፍ እጅህን አገኘሁት፤ አንዱ ቀዳዳ ውስጥ በለሰንከው ጭቃ ላይ አውራ ጣትህ ታትማ ደርቃለች። እዚያ ላይ ትንሽ ቆምኩ። እንዳትኩራራ፣ ትንሽ ነው።

ያን ጊዜ ጓሳ ተራራ ላይ የሆነው ትዝ አለኝ። ሣሩ ለአጨዳ በተፈቀደበት ዓመት አብረን ወጥተን ጉም ወረደና ተለያየን። የገዛ እጄ አይታየኝም ነበር። አንተ ካለህበት ሳትነቃነቅ፣ ተማሪ እንደምትቆጣጠር ሁሉ «ግርማቸው!» ትላለህ፤ «አቤት!» እላለሁ፤ ትንሽ እራመዳለሁ፤ ደግሞ «ግርማቸው!» ትላለህ። ከረፋዱ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጠራኸኝ። ከገደሉ ጫፍ በዚያ ድምፅ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ሦስት ቀን መናገር አቃተህ፤ ዘነበችም በጥቅሻ ነበር የምትታዘዝህ። ይሄን አልረሳሁም። ስላልረሳሁት ነው የበለጠ የሚያናድደኝ፤ ያ ሁሉ ድምፅ ኖሮህ ካልሲ ለመጠየቅ ማይክ ያስፈልግህ ነበር?

ቅዳሜ ጠዋት ሁሉም ነገር ሠራ። አራቱም ክፍል፣ ጥርት ያለ። ሸክላ አስቀመጥኩ፣ አጎነበስኩ፣ ልቤ በደስታ ልትፈነዳ ደረሰች። ዓይኔ ማይኩ ላይ አረፈ። ተንኮሌን መቼም ታውቀዋለህ። ጉሮሮዬን እንዳንተ ጠረግኩና፣ ልክ ባንተ ድምፅ፣ «ወይዘሮ ዘነበች፣ እንግዳ መጥቷል፣ በፍጥነት!» አልኩ።

ስድቧን ጠበቅኩ። ሳቋን ጠበቅኩ። የጓሮው በር ሲከፈት ብቻ ሰማሁ።

ወጥቼ ሳያት ከድንጋዩ አጥር ሥር፣ ያ የመንዝ ነፋስ እየገረፋት፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ጥቁሩን ፀጉር ትፈትላለች። «እትዬ፣ ቀልድ እኮ ነው» አልኳት። እንዝርቷን አላቆመችም። «እሱም እንዲህ ነው የጀመረው። በቀልድ» አለች። ቀጠለችና፣ «ማጥፊያ አድርግልኝ ብዬ ስንት ዓመት ለመንኩት። 'ነገ' ይለኝ ነበር። ድምፁ ሲበዛብኝ እዚህ እየወጣሁ እቀመጥ ነበር። አንተም 'ነገ' አልከኝ። ወንበሩ ነው መሰለኝ 'ነገ' የሚያሰኘው» አለችኝ።

እንደለመነችህ አላውቅም ነበር፣ ደምሴ። ሃያ ሁለት ዓመት። እኔ ሳሎን ስስቅ እሷ ነፋስ ላይ ነበረች። ጓሮ የወጣችው ለሥራ ይመስለኝ ነበር። ስለ በግ ፀጉሩ ይቅር ልልህ እችል ይሆናል፤ ስለዚህ ግን ይቅር የምልህ እኔ አይደለሁም። ለራሴም እንደዚያው።

ከመኝታ ቤቱ መብራት ላይ አንዲት ትንሽ ማብሪያ ማጥፊያ ነቀልኩ። ጓዳ ገባሁ፣ ከሳጥኑ የሚመጣውን አንዱን ሽቦ በፒንሳ ቆረጥኩ፣ ሁለቱን ጫፍ ማጥፊያው ላይ አሰርኩ፣ እጇ በሚደርስበት ከፍታ ግድግዳው ላይ በብሎን አጠበቅሁ። ስንት ጊዜ የፈጀ ይመስልሃል? አንድ ሰዓት እንኳ አልሞላም። ያውም እኔ ጀማሪ ነኝ። አንተን ሃያ ሁለት ዓመት የያዘህ ምንድን ነው?

ዘነበች ገባች። እጇን በቀሚሷ ጠረገች። ዘጋችው። ከፈተችው። ዘጋችው። ከፈተችው። ሳሎን ሸክላው እየዞረ ነው፣ በረንዳውም ይዘፍናል፤ ጓዳዋ ብቻ ይናገራል፣ ዝም ይላል፣ ይናገራል፣ ዝም ይላል። በመጨረሻ ዘጋችውና ወደ ሥራዋ ተመለሰች። «ተባረክ» እንኳ አላለችኝም።

ይኸው ዘጠኝ ቀን፣ አልከፈተችውም። ልዋሽህ አልፈልግም፤ ከፋኝ። ያን ሁሉ ጢስ የበላሁት፣ ያን ሁሉ ሽቦ በጥርብ ድንጋይ መሐል የጎተትኩት፣ ፀጉሬን ሁለቴ የተሰረቅኩት ለዚህ ነው? አልኩ በሆዴ። ሐሙስ ዕለት ትርሲት ደውላ ለእናቷ መልእክት ነገረችኝ። እዚህ ወንበርህ ላይ ሆኜ እጄ ሳላስበው ወደ ማይኩ ሄደ። ከዚያ ትዝ አለኝ፤ ጓዳው ተዘግቷል፣ ብጮህበትም አትሰማኝም። ሌላ መንገድ አልነበረኝምና ተነሣሁ፤ ሄድኩ። ስሄድ ቆጠርኩት፤ ከወንበርህ እስከ ጓዳው ደፍ አሥራ አንድ እርምጃ ነው።

ቀና ብላ አየችኝና «ምነው፣ ዛሬ እግር አወጣህ?» አለች። በርጩማ በእግሯ ገፋ አደረገችልኝ። ተቀመጥኩ። መልእክቱን ነገርኳት፤ ከዚያ ወሬ ወሬን አመጣው። ሠላሳ ዓመት እዚህ ቤት ስገባ ስወጣ ጓዳ ውስጥ ተቀምጬ አላውቅም ነበር። እህቴ ለካ ተጫዋች ናት። ሰው ስታስመስል ደግሞ እኔን ታስንቃለች፤ የኔን አነጋገር ስታወጣው አፈርኩ።

በማግስቱ ማይኩን ነቅዬ ለእድራችን ሰጠሁት። ከአሁን በኋላ ሰውን ለቀብር ይጥራ። ማጉያህ ሳሎን ይቀመጣል፤ አቧራውን እኔ እጠርጋለሁ፣ የወደድካቸውን ሸክላዎች በየበዓሉ አዞራለሁ። ሰው ሲመጣ «ደምሴ ነው ያመጣው፣ ግድግዳውን የፈለፈለውም እሱ ነው» እላለሁ፤ ከዚያ ስለ በግ ፀጉሩም እነግራቸዋለሁ። እስካለሁ ድረስ እንዲህ ነው የማስታውስህ፣ ሙሉህን፣ ሳልቀንስልህ።

ጓዳ ውስጥ ግን ስምህን እኔ አላነሣም። እዚያ የምትነሣው እሷ ስታነሣህ ብቻ ነው። ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ አነሣችህ፤ እንዝርቷን አስቀምጣ፣ ቀስ ብላ፣ ብዙ አወራችኝ። ምን እንዳለች አልነግርህም። መስማት ብትፈልግ ኖሮ አሥራ አንድ እርምጃ ነበር።

የሚስትህ ወንድም
ግርማቸው