ሽፋሽፍቴና እትዬ ሐዋ

ቅዳሜ

አፌን ብዘጋው ምን ነበረበት!

ከሰዓት በኋላ አንዲት ደንበኛ ኮረሪማ እያስመረጠችኝ ቀና ብላ አየችኝና፣ «ዘሀራ፣ አሁንም ለሰዒድ ታለቅሻለሽ? አላህ ሰብሩን ይስጥሽ» አለችኝ። ባሌ ሰዒድ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል። ቅመም ተራ ውስጥ ግን እኔ እንባዋ ያልደረቀ ሚስት ነኝ። ዓይኔ ቀኑን ሙሉ ስለሚያነባ ሰዉ እንደዚያ ብሎ ደምድሟል። እንዲያውም ከሚስቱ ጋር የተጣላ ነጋዴ ሁሉ «የሰዒድን ሚስት አታይም?» ይላል አሉ። ሌላ ጊዜ ቢሆን «አሚን» ብዬ ኮረሪማዬን እመዝን ነበር። ዛሬ ግን ቀኝ ዓይኔ ከጠዋት ጀምሮ አሸዋ የገባበት ያህል ሲቆረቁረኝ ስለዋለ ትዕግሥቴ አልቋል። «ለሰዒድ አይደለም የማለቅሰው! ሽፋሽፍቴ ወደ ውስጥ እየበቀለ እየወጋኝ ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

እትዬ ሐዋ ከኋላዬ ቆማ ነበር።

እትዬ ሐዋ የሰዒድ ታላቅ እህት ናት። አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፣ በሯና በሬ ፊት ለፊት ነው። በርበሬ ልትወስድ መጥታ ኖሮ፣ ባዶ ዘንቢሏን እንደያዘች ዞር ብላ ሄደች። አልተቆጣችም። ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር።

ችግሩ ሽፋሽፍቴን የምትነቅልልኝ እሷ መሆኗ ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጀንበር ሳታዘቀዝቅ በሯ ላይ ትቀመጣለች፤ ጭንቅላቴን ጭኗ ላይ አደርጋለሁ፤ በወረንጦ አንድ በአንድ ትለቅመዋለች። እየነቀለች ስለ ሰዒድ ታወራለች። ወሎ እያሉ ከበቅሎ ስለመውደቁ፣ ከቁርኣን ቤት ስለመጥፋቱ። መቶ ጊዜ ሰምቼዋለሁ፣ ግን አላቋርጣትም። ልጅ አልወለድንም፤ ከሰዒድ በኋላ እኔንና እሷን ያቆራኘን ይኸው ነቀላ ነው።

ዛሬም በሰዓቴ ሄድኩ። በሩ ገርበብ ብሏል። «ዛሬ አይመቸኝም» አለች ከውስጥ። እሷን የማይመቻት ቀን አይቼ አላውቅም።

እሑድ

ራሴ ልሞክር ብዬ መስታወት መስኮቱ ላይ አቆምኩ። ለመንቀል ዓይኔን መግለጥ አለብኝ። ስገልጠው ያነባል። ሲያነባ አላይም። ሳላይ የነቀልኩት ደህናውን ሆነ። የሚወጋው እዚያው አለ። ወረንጦውን ወርውሬ ደግሞ መፈለግ ጀመርኩ።

ዓይኔን የሚያባብሱት፦ ነፋስ። የበርበሬ ብናኝ። ጭስ። የሱቁ አምፖል። መሳቅ። መናደድ። እንግዲህ መርካቶ ውስጥ ቅመም እየሸጡ ከነዚህ ከየትኛው ይሸሻል?

እትዬ ሐዋ ልብስ አጥባ አሰጣች። «እንደምን አደርሽ» አልኳት። «አልሐምዱሊላህ» አለች፣ ለገመዱ። እኔን አላየችኝም።

ለሰዒድ አልቅሼ አላውቅም ማለት እኮ አይደለም። አልቅሻለሁ። ደንበኛ ፊት ግን አይደለም። ማታ ማታ ልብሱን ሳጣጥፍ ነበር፣ ያውም ድምፄን ውጬ። ይሄን እንዴት ብዬ ላስረዳት? እንባዬ የሽፋሽፍት መሆኑን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ግን የወንድሟ ስም በገበያው የሚነሳው በዚያ እንባ ነው። እሱን በአንድ ጩኸት ቀማኋት። አሁን ሲገባኝ ከፋኝ። ቢሆንም ይቅርታ ልጠይቅ ብዬ እግሬን ሳነሳ ንዴቴ ይመለሳል፤ የሚወጋው የእኔ ዓይን ነው እኮ!

ሰኞ

መጥፎ ቀን።

ፈትያ፣ ከጎኔ ጥቁር አዝሙድ በጅምላ የምታከፋፍለው የስልጤ ሴት፣ ሁኔታዬን አይታ «አምጪው እኔ ልንቀልልሽ» አለች። ኬሻ ላይ ቁጭ አልኩ። እጇ ፈጣን ነው፤ ሒሳብ ላይ ይጠቅማታል፣ እዚህ ላይ ግን አልሆነም። «ነቀልኩት!» አለች። አልነቀለችውም፤ ከመሀሉ ቆረጠችው። የተቆረጠው ደግሞ ከረጅሙ ይብሳል፤ እንደ ታጨደ ማሳ ነው፣ የቀረው ጉቶ ይወጋል። አመስግኛት ወደ ሱቄ ተመለስኩና ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ ዓይኔን ጨፍኜ ቆምኩ።

ከሰዓት በኋላ አንድ ሰውዬ ከእኔ የገዛውን ነጭ አዝሙድ መልሶ አመጣ። ዘርግፎ አሳየኝ። ጠጠር አለበት፣ ያውም ትልልቅ። እኔ ነኝ የለቀምኩት። በእጄ ለቅሜ «ንጹሕ ነው» ብዬ የሸጥኩለት እኔ ነኝ። ሰውዬው ጨዋ ነው፤ «ምናልባት ሳታዪው ቀርተሽ ይሆናል» አለኝ። ባይለኝ ይሻል ነበር።

ወደ ቤት ስመለስ በቀኝ በኩል የመጣ ተሸካሚ ገጨኝ። «ሸክም! ሸክም! እቴ፣ አታዪም እንዴ?» አለ። አላየሁትም። ድምፁን እንጂ እሱን አላየሁትም።

ፈራሁ። እዚህ ጻፍኩት፣ ለሰው አልተናገርኩም። ዓይኔ ከጠፋ ሱቁ ጠፋ። ሱቁ ከጠፋ እኔ ምንድን ነኝ? የሰው ደጅ ጠኚ።

ማክሰኞ

ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ፈትያ ናት በግድ ያስኬደችኝ፤ የቆረጠችው ሽፋሽፍት ሳያሳዝናት አልቀረም።

የዓይን ነርሷ ወጣት ናት፣ አፏ ግን ፈጣን። የዓይኔን ቆብ ገልብጣ አየችና «ማን ነው የሚነቅልልሽ?» አለች። «የባሌ እህት» አልኳት። «እጇ ጥሩ ነው፤ በእሷ ምክንያት ነው እስካሁን ያየሽው። አሁን ግን ብሌኑ ጠርዝ ላይ ነጭ ነገር ጀምሯል። ከዚህ በላይ ነቀላ አያዋጣሽም» አለችኝ። ልጅ ሆኜ ዓይኔን እየደጋገመ ያመመኝ ትራኮማ የቆቡን ውስጠኛ ክፍል ጠባሳ አድርጎታል፤ ጠባሳው ሲሸበሸብ ቆቡን ወደ ውስጥ አጠፈው፤ ሽፋሽፍቱም አብሮ ገባ። በቀዶ ጥገና ቆቡን መልሰው ወደ ውጭ ያዞሩታል። ልጅ ሆነን የሁላችንም ዓይን እንዲሁ ነበር፤ ውሃ ሩቅ ነው፣ ፊት የሚታጠበው ጁምዓ ሲሆን ነው፣ ዝንቡን ማን ይቆጥረዋል? በሽታ መሆኑንም አናውቅም ነበር።

ሐሙስ ቀጠረችኝ። ሁለት ነገር አዘዘችኝ። አንደኛ፣ እስከዚያ ማንም ሽፋሽፍቴን እንዳይነካ፤ የትኞቹ እንደሚወጉ በሥራው ጊዜ ማየት ይፈልጋሉ። ሁለተኛ፣ ዓይኔ ታሽጎ ስለምወጣ የሚወስደኝ ሰው ይዤ እንድመጣ።

የሚወስደኝ ሰው። ቀላል ነገር የጠየቀች መስሏታል! ፈትያ «እኔ እመጣለሁ» ብላለች፣ ግን ሐሙስ ጭነት ይገባላታል። ሌላ ማንን ልበል? የእትዬ ሐዋን በር እያየሁ ነው የምጽፈው።

ረቡዕ

መጣች! ግን ምን ዋጋ አለው።

ከሱቅ ገብቼ እግሬን ሳልታጠብ እትዬ ሐዋ በሬ ላይ ቆመች። እጇን በሳሙና ታጥባለች፤ ውሃው ከጣቶቿ ይንጠባጠባል። ወረንጦውን ይዛለች። ዱካውን ወደ በሩ ብርሃን ጎትታ ተቀመጠችና ጭኗን መታ መታ አደረገች። ይቅርታ ማለቷ ነው። እሷ ሌላ ይቅርታ አታውቅም። እኔም ሮጬ ጭንቅላቴን ላስቀምጥ ምንም አልቀረኝም ነበር፤ ዓይኔም ልቤም እንደዚያ ፈልጎ ነበር።

«እትዬ ሐዋ፣ አይሆንም» አልኳት። «ነርሷ እስከ ነገ እንዳይነካ ብላለች። ነገ ሊሠሩልኝ ነው።»

«ምን ሊሠሩልሽ?»

ነገርኳት። ፊቷ ሲለዋወጥ በደንብ አላየሁትም፤ ድምጿ ግን ቀጠነ። «ሊቀድዱሽ ነው? እኛ አገር አንዷን እንዲሁ ቀደዋት ዓይኗ እንደተገለጠ ቀረ። ተኝታ እንኳ አይከደንም!»

«እሱ ድሮ ነው።»

«እስካሁን በእኔ እጅ ምን ሆንሽ? አንድ ቀን አቁስዬሻለሁ?»

«አላቆሰልሽኝም። ነርሷ ራሷ እጅሽን አድንቃለች።»

«እንግዲህ ዘመድሽ ነርሷ ናታ!» አለችና ብድግ አለች። ወረንጦውን በሻሿ ጫፍ ጠቅልላ ወጣች። በሯን ስትዘጋ ሰማሁ።

እሷ ልትታረቀኝ መጣች፣ እኔ መለስኳት። በትክክለኛ ምክንያት፣ በትክክለኛ ቃል፣ ግን መለስኳት። ተከትያት ልሂድ ብዬ ሁለቴ ተነሳሁ። አብረሽኝ ነይ ልላት ነበር እኮ! አሁን በምን አፌ?

ያቺ ዓይኗ አይከደንም ያለቻት ሴትዮም ከራሴ አልወጣ አለች። ልቅር ይሆን? አልቀርም። እሄዳለሁ።

ዓርብ

ትናንት መጻፍ አልቻልኩም። ዛሬ ጠዋት ሄጄ እሽጉ ተፈታልኝ። ስለ ሐሙስ ልጻፍ።

ብቻዬን ሄድኩ። ፈትያ ጭነቷን አውርዳ ትመጣለች ተባብለን ነበር። አስተኙኝ። መርፌው ቆቡ ላይ ሲገባ ያቃጥላል፣ አልዋሽም። ከዚያ ይደነዝዛል። ከደነዘዘ በኋላ የሚሰማው መጎተትና የመቀስ ድምፅ ብቻ ነው። ነርሷ እየሠራች ስለ ቅመም ዋጋ ትጠይቀኛለች፤ እኔም ዓይኔን እየተቀደድኩ ስለ ኮረሪማ አስረዳለሁ። ሰው ነኝ ወይስ ነጋዴ? በመጨረሻ ሰፋችው፣ ቅባት አደረገችበት፣ በጥጥና በፕላስተር አሸገችው።

አግዳሚው ላይ ተቀምጬ ፈትያን ስጠብቅ ከበር በኩል ጭቅጭቅ ሰማሁ። «ቀጠሮ ምን ያደርግልኛል? እኔ ልታከም አልመጣሁም! የወንድሜን ሚስት ልወስድ ነው የመጣሁት!» ዘበኛው መታወቂያ ሳይጠይቃት አልቀረም። እትዬ ሐዋ ናት።

ፈትያ ጭነቱ ቢይዛት ለእሷ ደውላ ነግራታለች፤ ነርሷ አትንኩት ማለቷ እውነት መሆኑን ሳይቀር አስረድታታለች። እትዬ ሐዋ እጄን ያዘች። ታክሲ ውስጥም አለቀቀችኝም። ከታክሲ ወርደን በተሸካሚውና በጋሪው መሀል ስንሄድ «ዞር በል! ሰው ታሟል!» እያለች መንገድ ታስለቅቃለች። የመርካቶ ተሸካሚ ለማን ዞር ብሎ ያውቃል? ለእትዬ ሐዋ ዞር አለ። ቤት አስገብታኝ፣ ሾርባ አስቀምጣ ወጣች። ቸር እደሪ እንኳ አላለችም።

ዛሬ እሽጉን ሲፈቱት ቆቤ አብጦ ዳቦ አክሏል። ግን ዓይኔን ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ። ጨፈንኩ፣ ገለጥኩ። አይወጋም! ነርሷ ፊት እንደ ልጅ ሳርገበግበው ቆየሁ። ነጩ ነገር አይጠፋም ብላኛለች፤ ሥራው እንዳይጨምር ነው እንጂ። እሱን ልቀበል።

ቅዳሜ

ሱቅ አልሄድኩም፤ እስከ እሑድ አቧራ ተከልክያለሁ። ቅባቱን አደረግኩ። ግድግዳ ላይ ያለውን ቀን መቁጠሪያ ከአልጋዬ አነበብኩ። ጎረቤቱን ሁሉ በመስኮት ቆጠርኩ።

ቅዳሜ ነው። ጀንበር አዘቀዘቀች። እትዬ ሐዋ አልመጣችም፣ እኔም አልሄድኩም። ምን ብዬ እሄዳለሁ? የሚነቀል የለም። ዓይኔ ዳነልኝ ብዬ ደስ ሊለኝ ሲገባ ቤቱ ጠበበኝ፤ ተነሳሁ፣ ተቀመጥኩ፣ የታጠበ ብርጭቆ ደግሜ አጠብኩ።

እሑድ

ከአስር ሰዓት በኋላ መጣች። ባዶ እጇን ናት። ዱካው ላይ ተቀመጠች፣ እኔ አልጋው ጫፍ ላይ። ሁለታችንም እጃችንን የት እንደምናደርግ ጠፋን። «ተሻለሽ?» አለች። «ተሻለኝ» አልኳት። ስለ ውሃ መጥፋት አወራን። ስለ ውሃ ስናወራ አየኋት።

ለካ ፊቷን በደንብ አይቼው አላውቅም። ቅዳሜ ቅዳሜ ፊቷ ከፊቴ በላይ ነበር፣ ግን በእንባ ውስጥ ነው የማያት። ቅንድቧ የሰዒድ ነው። አርጅታለች። ግራ ዓይኗ ደግሞ ቀልቷል። ጠርዙ ረጥቧል። የሽፋሽፍቷ መሀል ተመንጥሯል፣ በጎን ያለው ወደ ውስጥ ታጥፏል። እኔ እንዴት አላውቀው? መስታወት ላይ ሳየው የኖርኩት ዓይን ነው።

«እትዬ ሐዋ! ማን ነው የሚነቅልልሽ?»

በሻሿ ጫፍ ጠረገችው። «ማን ይነቅልልኛል? ራሴ ነኛ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«እኔ እንጃ! ምን አስቆጠረኝ?»

የእኔን ስትለቅም የራሷ ይወጋት ነበር። እየወጋት ነው እጇ ያልተንቀጠቀጠው። ያቺ ዓይኗ አይከደንም ያለቻት ሴትዮም ለእኔ ብቻ አልነበረችም፤ እሷም ፈርታ ነው። ተናደድኩ፣ አዘንኩ፣ የቱን ልበል። «ነገ ሰኞ ነው፣ አብረን እንሄዳለን» አልኳት። «እኔ ምንም አልሆንኩም» አለች። «ሆነሻል» አልኳት። ከግቢው ውጭ ተሸካሚ ይጮሃል።

«መርፌው ያማል?» አለች፣ ወደ በሩ እያየች።

ልዋሻት አሰብኩ። «ያማል» አልኳት። «ሲገባ ያቃጥላል። ከዚያ ይደነዝዛል።»

እግሯን ዘርግታ ቆየች። ቀሚሷን አራገፈች። ከዚያ፣ «ስንት ሰዓት ነው የሚከፍቱት?» አለች።

«ሁለት ሰዓት።»

እሺ አላለችም። እምቢም አላለችም። ወደ ቤቷ ገባች። ለፈትያ ደውዬ ነገ ጠዋት ሱቅ እንዳትጠብቀኝ፣ ከእትዬ ሐዋ ጋር ጤና ጣቢያ እንደምሄድ ነገርኳት።