ብርጭቆውና አዳራሹ፦ የኮማንደር ዴንዚል ናንካሮ የሕይወት ታሪክ

ኮማንደር ዴንዚል ናንካሮ ከአባታቸው ከወደብ መሪው ከአቶ ሃኒባል ናንካሮ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ታምሲን ትሬሊን እ.ኤ.አ. ማርች 3 ቀን 1892 በእንግሊዝ አገር በኮርንዎል ጠረፍ፣ በዚሁ በፖልቫራ መንደራችን ተወለዱ። በተወለዱበት ቀን ባሕሩ ተቆጥቶ መንገዱን ስለዘጋው አዋላጇ የመጣችው በጀልባ ነበር። እናታቸው “ይህ ልጅ ገና ሲመጣም አላስቀመጠንም” ይሉ ነበር። ኮማንደሩ ካደጉ በኋላም ሰው የማስቀመጥ ጠባይ አልነበራቸውም፤ ራሳቸውም አልተቀመጡም።

ዛሬ በቀብራቸው ዕለት የሬሳ ሣጥናቸው ላይ የመኮንን ኮፍያና ጎራዴ ባለማየታችሁ የተገረማችሁ ትኖራላችሁ። ረስተን አይደለም። የከለከሉት ራሳቸው ናቸው፤ ምክንያቱም በቦታው ይነገራል።

ኮማንደር ዴንዚል ፊደል የቆጠሩት በመንደራችን ትምህርት ቤት ሲሆን፣ በአሥራ ሦስት ዓመታቸው ወደ ባሕር ኃይል ትምህርት ቤት ገቡ። ይህን ታሪክ የጻፈችው ታናሽ እህታቸው ኬረንዛ ያን ጊዜ የስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። ለመጀመሪያው ዕረፍት ሲመጡ የቤቱን ሰው ሁሉ በመርከበኛ ፊሽካ ማዘዝ ጀመሩ። አባታቸውን ሳይቀር በፉጨት ወደ ቁርስ ጠሩ። እናታቸው ፊሽካውን ቀምተው ዱቄት ዕቃ ውስጥ ቀበሩት። ደንብ የሚባለው ነገር ያን ጊዜ ልባቸው ውስጥ ገባ፤ እንደ ፊሽካው የሚቀማቸው ግን አልተገኘም።

በ1916 ከጀርመን ጋር በተደረገው በታላቁ የጁትላንድ የባሕር ውጊያ ላይ በመድፍ ክፍል መኮንንነት ተሰልፈው፣ መርከባቸው ሲመታ በእሳት ውስጥ ገብተው ሰዎቻቸውን አውጥተዋል። ለዚህም ሜዳይ ተሸለሙ። ስለዚያ ቀን ሲጠየቁ “ጭስ ነበር” ከማለት ሌላ መልስ አልነበራቸውም። በተከታዩ ዓመት የጀልባ ሠሪውን ልጅ ወይዘሮ ላቭዴይ ሮዝዋርንን አገቡ። በ1921 አንዲት ልጃቸው ሞርዌና ተወለደች። በባሕር ኃይል ወግ መሠረት በተገለበጠ የመርከብ ደወል ውስጥ ተጠምቃ ስሟ በደወሉ ውስጠኛ ግድግዳ ላይ ተቀረጸ። ኮማንደሩ በሕይወታቸው ሲያለቅሱ የታዩት ያን ቀን ነው።

በ1922 መንግሥት መርከቦቹን ሲቀንስ መኮንኖቹንም አብሮ ቀነሰ። ኮማንደሩ ገና በሠላሳ ዓመታቸው ጡረተኛ ተብለው ቤት ገቡ። ዶሮ ማርባት ጀመሩ። ዶሮዎቹን በጦር መርከብ ስም እየጠሩ በየጠዋቱ ሊያሰልፏቸው ሲታገሉ የመንደሩ ሰው አጥር ላይ ተደግፎ ይስቅ ነበር። ቀበሮ ገብቶ መርከቦቹን ሁሉ በአንድ ሳምንት ጨረሰ። ከዶሮው ወደ ንብ፣ ከንቡ ወደ መኪና ጥገና ዞሩ፤ አንዱም አልሰመረላቸውም። ቀን ሲመሽ ጀልባ በሚታሰርበት በወደቡ ግንብ፣ በጀቲው ላይ ወዲያና ወዲህ ይመላለሱ ነበር። የሚያዙት ሰው፣ የሚያዝዛቸውም ሰው አጡ። እህታቸው ይህን የምትጽፈው ለማመካኘት አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

በ1935 ከሌሎች ጡረተኛ መኮንኖች ጋር ተጋብዘው ጀርመን አገር ሄዱ። የተመለሱት ሌላ ሰው ሆነው ነው። ስለ ንጹሕ ጎዳናና በሰዓቱ ስለሚደርስ ባቡር፣ የዱሮ መኮንን ሲያልፍ ስለሚያከብር ወጣት አውርተው አይጠግቡም። እራት ላይ “እዚያ ሰው ሁሉ ቀጥ ብሎ ይቆማል” አሉን። ወይዘሮ ላቭዴይ ሾርባውን እየቀዱ “ቀጥ ብሎ ያልቆመውስ የት ሄደ?” ብለው ጠየቁ። ኮማንደሩ ጨው እንዲያቀብሏቸው ጠየቁ።

ብዙም ሳይቆይ ጥቁር ሸሚዝ ከሚለብሱት የአገራችን ፋሺስቶች ጋር መድረክ ላይ መቀመጥ፣ ጽሑፋቸውንም በየደጁ ማደል ጀመሩ። ለአገሪቱ መከራ ሁሉ ተጠያቂው አይሁድ ነው ይሉ ነበር። እህታቸው “ወንድሜ፣ በዕድሜህ ከአንድ አይሁዳዊ ጋር ሻይ ጠጥተህ ታውቃለህ?” ብትላቸው “ዋናው መርሁ ነው” ብለው ባርኔጣቸውን አንሥተው ወጡ።

አሁን ወደ ብርጭቆው እንመጣለን፤ ሁላችሁም የምታውቁት ወሬ ነውና። በ1937 ክረምት አንድ የጀርመን ማሠልጠኛ መርከብ ወደባችን ሲገባ፣ ኮማንደሩ ለመኮንኖቹ እራት ግብዣ አደረጉ። ለንጉሡ ጤና ሲጠጣ ኮማንደሩ አልተነሡም። የጀርመኑ ካፒቴን ለአገሩ መሪ ብርጭቆ ሲያነሣ ግን ብድግ ብለው ቆሙ። ያን ዕለት ዓሣ ጠፍቶ በአስተናጋጅነት የተቀጠረው ዓሣ አጥማጁ ጃጎ ሆስኪን፣ የኬረንዛ የቀድሞ ተማሪ፣ ሣህኑን እንደ ያዘ ደርቆ ቀረ። በማግስቱ ጠዋት መንደሩ በሙሉ “ለንጉሡ ተቀምጦ፣ ለጀርመኑ ቆመ” እያለ ነበር።

በዚህ ነገር ወንድሟ ንጹሕ እንደ ነበሩ ኬረንዛ ትመሰክራለች። በባሕር ኃይላችን ለንጉሡ የሚጠጣው ተቀምጦ ነው። የዱሮ መርከብ ጣሪያው ዝቅ ያለ ስለ ነበር፣ ለንጉሡ ብሎ የተነሣ ሁሉ ግንባሩን ይፈነክት ነበር ይባላል። በእንግዳ ፊት ለእንግዳ አገር ገዥ መቆም ደግሞ የጨዋ ወግ ነው። ኮማንደሩ ያን ቀን ያደረጉት ደንቡን ነው። ሰው ግን ደንቡን አያውቅም፤ ያየውን ነው የሚያውቀው።

በ1938 መጸው ዶክተር ኤሚል ላንዳወር የሚባሉ አይሁዳዊ ሐኪም ከባለቤታቸው ከግሬተና ከልጃቸው ከኢልሰ ጋር ከቪየና ሸሽተው መንደራችን መጡ። የመንደራችን ሽማግሌ ሐኪም ረዳት ይፈልጉ ስለ ነበር፣ መንደሩ ተስማምቶ ዋስ ቢሆናቸው እንዲቀሩ ተፈቅዶ ነበር። ኢልሰና ሞርዌና እኩያ ነበሩ። የጋራ ቋንቋቸው ትንሽ ነበር፤ ሆኖም ከጀቲው ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ሲሳሳቁ ይውሉ ነበር።

ጉዳዩ በመንደሩ አዳራሽ ለስብሰባ ቀረበ። ኮማንደር ዴንዚል ዩኒፎርማቸውን ለብሰው፣ ሜዳያቸውን ደርድረው መጡ። ጡረታ የወጣ መኮንን ለእንዲህ ያለ ስብሰባ ዩኒፎርም መልበስ ክልክል ነው። ለቁርስ እንኳ ደንብ የማይጥሱት ሰው ያን ቀን ደንቡን ጣሱ። ተነሥተው “ዛሬ አንድ ሐኪም ነው፤ ነገ ግን መንደራችሁ የእናንተ አይሆንም። እኔ ለዚህች አገር በእሳት ውስጥ ያለፍኩ ሰው ነኝ፤ እመኑኝ” አሉ። ሕዝቡ አመናቸው። ላቭዴይና ኬረንዛን ጨምሮ ከጥቂቶች በቀር ሰው ሁሉ ለእምቢታው እጁን አወጣ። ላንዳወሮች በዚያው ሳምንት የግሬተ ወንድም ወዳለበት ወደ አምስተርዳም ተሻገሩ። ሞርዌና ባቡር ጣቢያ ሸኝታቸው ስትመለስ ልብሷን በሻንጣ ከተተች፤ ፕሊመዝ ሄዳም ነርስነት ተማረች።

ጦርነቱ ተጀመረ። በሜይ 1940 ለጀርመን ያደላሉ የተባሉት ሁሉ ሲታሰሩ ፖሊስ መጥቶ ኮማንደሩንም ወሰዳቸው። ጃጎና ጓደኞቹ በደንከርክ ጠረፍ የተከበበውን ጦር ለማውጣት ጀልባቸውን አስነሥተው የሄዱት በዚያው ሰሞን ነው። በፖልቫራ ከእሳቸው የተሻለ ባሕረኛ አልነበረም፤ እሳቸው ግን ከብረት ፍርግርግ ኋላ ወለሉን በእርምጃ እየለኩ ነበር። እህታቸው ልትጠይቃቸው ስትሄድ ገና ሳትቀመጥ “በአንድ ብርጭቆ! ኬረንዛ፣ በአንድ ብርጭቆ አሰሩኝ!” አሏት።

“ስለ ብርጭቆ ማን ጠየቀህ?” አለቻቸው።

“ሰው ሁሉ!”

“እኔ የምጠይቅህ ስለ አዳራሹ ነው።”

ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

በ1943 ተፈትተው መጡ። መጠጥ ቤት ሲገቡ ጨዋታው ቀጥ ይላል። እሳቸውም ያገኙትን ሰው ጥግ አስይዘው ስለ ግብዣው ደንብ ያስረዳሉ፤ ለጋዜጦች ይጽፋሉ፤ ለጳጳሱ ሳይቀር ጽፈዋል። ጦርነቱ ሲያልቅ ሞርዌና ስለ ኢልሰ ማፈላለግ ጀመረች። በ1946 ጀርመኖች አምስተርዳምን ይዘው ከወሰዷቸው ከሞት ካምፕ ከሦስቱ አንዳቸውም እንዳልተመለሱ ተነገራት። ወደ ቤት መጥታ ደጁ ላይ ቆማ “አባባ፣ ስለ ኢልሰ አንድ ቃል በል። ከዚያ ወዲያ ስለ ምንም አልጠይቅህም” አለች። ኮማንደሩ “በመጀመሪያ ስለዚያ ብርጭቆ እውነቱን ማወቅ አለብሽ” ብለው ሲጀምሩ ልጅቱ ዞራ ሄደች።

ከዚያ በኋላ ዕረፍት የሚባል አላገኙም። ቤት ለወጡ፤ እንደ ገና ለወጡ። ጀልባ ገዝተው ሳይነዷት ሸጡ። አትክልት ተክለው ሳይበቅል ነቅለው ሌላ ቦታ ተከሉት። ወይዘሮ ላቭዴይ በ1951 ሲያርፉ የመጨረሻ ቃላቸው “ዴንዚል፣ ተናገርና ልጄ ትምጣ” የሚል ነበር። አልተናገሩም። ኬረንዛ ወንድሟን እንደዚያን ቀን ጠልታቸው አታውቅም፤ ይህንንም እያወቁት ነው የሞቱት።

ባለፈው ኦገስት የልብ ሕመም አልጋ ላይ ጣላቸው። አንድ ከሰዓት በኋላ ጃጎ ሆስኪን፣ ዛሬ የሕይወት አድን ጀልባችን አለቃ የሆነው፣ ኮፍያውን በእጁ ይዞ መጣ።

“ኮማንደር፣ ይቅርታ ልጠይቅዎ ነው የመጣሁት። የእህቴ ልጅ ባሕር ኃይል ገብቶ ስለ ግብዣቸው ሲያወራ ሰማሁት። ለንጉሥ የሚጠጣው ቁጭ ተብሎ ነው አለኝ። እኔ መሃይሙ ሳላውቅ ስምዎን አጠፋሁ።”

ይህን ቃል ሃያ ዓመት ሲጠብቁት ኖረዋል። እህታቸው አሁን ዘለው ይነሣሉ ብላ ትራሱን ደገፈች። ኮማንደሩ ግን “ተቀመጥ፣ ጃጎ” አሉ።

ቀጥለውም፦ “ብርጭቆውን ተወው። በእሱ ንጹሕ ነኝ። እሱን ይዤ ነው እስከ ዛሬ የተደበቅኩት። አዳራሹ ውስጥ ነበርክ?”

“ነበርኩ።”

“እጅህን አወጣህ?”

“አወጣሁ፣ ኮማንደር። እርስዎ ካሉ ብዬ። ኮትዎን አይቼ።”

“እኔም የለበስኩት ለዚያ ነበር” አሉ።

ጃጎ ኮፍያውን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ። ኬረንዛ ወርዳ ፕሊመዝ ስልክ ደወለች። ሞርዌና “ስለ ብርጭቆው ከሆነ አልመጣም” አለች። “ስለ ኢልሰ ነው” አለቻት። በማግስቱ በመጀመሪያው ባቡር ደረሰች።

ኮማንደሩ ልጃቸው ገና ካፖርቷን ሳታወልቅ ተናገሩ። “እነዚያን ሰዎች ያባረርኳቸው እኔ ነኝ። የት ይገባሉ ብዬ አልጠየቅኩም። መጠየቅ አልፈለግኩም።”

“ስማቸውን ጥራ” አለች።

“ኤሚል። ግሬተ። ኢልሰ።”

“ሰምቻለሁ፣ አባባ” አለች። ይቅር ብዬሃለሁ አላለችም፤ እሳቸውም አልጠየቋትም። ካፖርቷን አውልቃ አልጋው አጠገብ ተቀመጠች፤ እስከ መጨረሻውም ከዚያ አልተለየችም።

ይህ ታሪክ በፊታችሁ እንዲነበብ ያዘዙት ራሳቸው ናቸው። ኬረንዛ “ለልጅህ ነግረሃታል፣ ይበቃል” ብትላቸው “በሕዝብ ፊት የተናገርኩትን በሹክሹክታ አልመልሰውም” አሉ። “ያንን ኮት፣ ኮፍያውንም ጎራዴውንም ከእኔ ጋር እንዳታደርጉ” ያሉትም ያን ጊዜ ነው። የመንደራችን ሰው በብርጭቆው ወሬ ሃያ ዓመት አኩርፏቸው፣ እጁን ስላወጣበት ነገር ግን አንድ ቀን ሳያነሣ መኖሩን ኬረንዛ ሳትናገር አታልፍም። የተቆጣችሁም በማታውቁት ሰው ሳይሆን በአስተማሪያችሁ በኬረንዛ ተቆጡ፤ ለምዳዋለች።

ኮማንደር ዴንዚል ናንካሮ ኖቬምበር 11 ቀን 1958 በተወለዱ በስድሳ ስድስት ዓመታቸው አረፉ። ልጃቸው ሞርዌና፣ ሁለት የልጅ ልጆች፣ ታናሽ እህታቸው ኬረንዛ፣ በፊሽካ ካልሆነ የማይሰማ አንድ ሽማግሌ ውሻም ከኋላቸው ቀርተዋል።

ከቀብሩ በኋላ ሁላችሁም ወደ መንደሩ አዳራሽ እንድትመጡ ቤተሰቡ በአክብሮት ይጠይቃል፤ ወደዚያው አዳራሽ። ሁለት ጊዜ ብርጭቆ ይነሣል፤ መጠጥ የማትቀምሱ የጸሎት ቤት ሰዎች ሻያችሁን ያዙ። የመጀመሪያው ለዶክተር ኤሚል፣ ለግሬተና ለኢልሰ ላንዳወር ነው። ያን ጊዜ እጃችሁን ያወጣችሁ ቀድማችሁ ተነሡ፤ ሌሎቻችን እንከተላችኋለን። ሁለተኛው ለዴንዚል ነው፤ ይህንን እንደ ባሕር ኃይሉ ደንብ ተቀምጠን እንጠጣለን።

እግዚአብሔር ዕረፍት የማታውቀውን ነፍሳቸውን ተቀብሎ ያሳርፍልን። ከማሳረፉ በፊት ግን በእነዚያ በሦስቱ ፊት ያቁማቸው።