በካውያው አሳብባለሁ

ለታናሽ እህቴ፣

ሰላምታዬ ካለሽበት ይድረስሽ። እኔ ደህና ነኝ፣ ላቤ ብቻ አስቸገረኝ። ስፌት ቤት ሰው ሁሉ ሹራብ ደርቦ እኔ ላብ በላብ ስሆን በካውያው አሳብባለሁ። የወር አበባዬ ገና በሠላሳ አራት ዓመቴ ስለቆመ ሐኪሟ የሆርሞን መድኃኒት ጀምራልኛለች፤ ተልባም እጠጣለሁ፣ በእግሬም እሄዳለሁ። እንቅልፌ እንኳን ተመልሷል። አማቴ ግን ያረገዝኩ መስሏት ባልዲ ከእጄ ትቀማለች፤ እኔም እሰጣታለሁ። አፈር በበላሁ!

ሐኪሟ "ይህ ነገር በቤተሰብ ሊወረስ ይችላል፤ እህት አለሽ?" ብትለኝ፣ አንቺን በዚህ ነገር ማንሳት አሳፍሮኝ "የለኝም" አልኳት። "ልጅ የት ይሄድብኛል፣ ትምህርቴን ልጨርስ" ያልሽኝ ነገር ትናንት ትዝ ቢለኝ ካውያውን የሰው ሸሚዝ ላይ ረሳሁት። በይ እህት ዓለም፣ ለእረፍትሽ ነይና ሐኪሟ ዘንድ አብረን እንሂድ። እህት እንዳለኝ ልንገራት።

ናፋቂሽ፣
ታላቅሽ