የሚኒስትሩ ሞትና የእማዬ ነጠላ

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9 ቀን 2018፣ አዳማ

ሰውየው ሞተ። ቀትር ላይ ዜናው ሲነገር እንደወትሮው ለእማዬ የተረጎምኩላት እኔ ነኝ። እዚያ ደቡብ አሜሪካ የመከላከያ ሚኒስትር ሳለ ግማሹ የአገሩ ሰው ከአማፂ ያዳነን ጀግና ይለው ነበር፤ ግማሹ ደግሞ ልጆቻችንን ወስዶ ያጠፋ ነፍሰ ገዳይ ይለዋል። በእርጅናው ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ ፎቶ ከያዙ እናቶች ፊት "አላስታውስም" ሲል ከረመ።

እማዬ የእሱን ወሬ አንድ ቀን አላሳለፈችም። ታላቅ ወንድሟን በደርግ ጊዜ ወታደሮች ከደራ ገበያ ወስደውት በዚያው ቀርቷል። መርዶ ያረዳት ስለሌለ ለቅሶ አልተቀመጠችም፤ ዘመድ ቢለምናትም እምቢ እንዳለች ነው። "ያኛው ከተናገረ የእኛዎቹም አፍረው ይናገሩ ይሆናል" ትለኝ ነበር። በዚህ ተስፋዋ ስንቴ ተበሳጭቼባታለሁ።

"የት እንደቀበራቸው ተናገረ?" አለችኝ።

"አልተናገረም እማዬ።"

ከዚያ ተነስታ ጓዳ ገባች። ስትመለስ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳለች፤ ጥለቱ አንገቷ ሥር ነው። ለወንድሟ እንዲህ ስትለብስ አይቻት አላውቅም።

አመሻሽ ላይ ጎረቤታችን ጋሽ ቶሎሳ "አካም ኦልተኒ" እያሉ ገቡ። ነጠላዋን ሲያዩ ኮፍያቸውን አወለቁ።

"ማን አረፈ?"

"ወንድሜ።"

"እግዜር ያጽናሽ። መቼ?"

እማዬ፣ ይህንንም እንድተረጉምላት ይመስል፣ ወደ እኔ ዞረች።