ኮምፒውተሬን የከፈትኩ ሰሞን

ጥቅምት 3
ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ቤት። ዝናቡ ስምንት ሰዓት ላይ ጀመረና አላባራም። ለተማሪዎቼ የባዮሎጂ ፈተና እየጻፍኩ ሳለ ኮምፒውተሩ ድርግም አለ። መብራት የሄደ መስሎኝ ነበር... አምፖሉ በርቷል።

ጥቅምት 5
ዛሬ ሁለቴ ጠፋ። ጎኑን ብነካው ያቃጥላል፤ ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ይጮኻል። በየስድስት ወሩ ከፍታ የምታጸዳልኝ ሐፍሳ ነበረች። ከኔ ሦስተኛው ግቢ ናት፤ የጥገና ሱቋም እዚያው በሯ ላይ። ከሚያዝያ ወዲህ ቤቴን ረግጣ አታውቅም። ለምን እንደሆነ አውቃለሁ።

ጥቅምት 8
ቅዳሜ። ራሴ ከፈትኩት። ሌላ ማን አለኝ?
ሶኬቱን ነቀልኩ፣ ብሎኖቹን ኩባያ ውስጥ ሰበሰብኩ። ጉድ ነው! አቧራው በእርጥበቱ ተጋግሮ ብርድ ልብስ መስሏል። የደረቀ በረሮም አገኘሁ። ማራገቢያው እንዳይዞር በጣቴ ይዤ በቀለም ብሩሽ ጠረግኩ። ራም የሚሉትን ቀጭን ሰሌዳም ነቅዬ አጽድቼ መለስኩ። ደስ ብሎኝ ነበር እንኳ።
ሳበራው... ጲጥ፣ ጲጥ፣ ጲጥ። ስክሪኑ ጥቁር።
የአሥራ አንድ ዓመት የተማሪዎቼ ፎቶ እዚያ ውስጥ ነው። የወለድኩት የለኝም፤ ያሉኝ እነሱ ናቸው። ሐፍሳ ስንቴ «ሌላ ቦታ ገልብጪው» ብላኝ ነበር።

ጥቅምት 10
ኮምፒውተሩን በፎጣ ጠቅልዬ ባጃጅ ያዝኩ። «መናኸሪያው ጋ ያለው ጥገና ቤት» አልኩት ሹፌሩን። በሐፍሳ ሱቅ በኩል አለፍን። አቀርቅራ የሆነ ነገር ትበይዳለች። ፊቴን በፎጣው ጋረድኩ። በሃምሳ ሁለት ዓመቴ!
የጥገና ቤቱ ሰውዬ «ተዪውና በሳምንት ተመለሺ፤ ያለው ነገር ይጠፋ ይሆናል» አለኝ። ይዤው ተመለስኩ።
እስቲ ልጻፈው። የሐፍሳ እናት የሞቱ ቀን ቤት ነበርኩ። ጩኸቱን ሰማሁ። በማግስቱ የማስረክበው ፈተና ነበረብኝ... መስኮቱን ዘጋሁ። ነገ እደርሳለሁ አልኩ። በነጋው ስብሰባ። በሦስተኛው ቀን አፈርኩ። ከዚያ መንገድ ቀየርኩ። ታይፎይድ ሲይዘኝ ሾርባ ያመላለሱልኝ እኮ እኚያው እናቷ ናቸው።

ጥቅምት 12
ኮምፒውተሩን ሳልይዝ ሄድኩ።
ቀና ብላ አየችኝ። «ኮምፒውተርሽ ተበላሸ እንዴ?»
«ተበላሽቷል። ግን ለሱ አይደለም የመጣሁት። ለቅሶ ልደርስ ነው።»
«በስድስት ወሩ?»
«በስድስት ወሩ።»
መበየጃውን አስቀመጠች። «ከማጂ ድረስ ሰው መጥቷል፣ ማናልሞሽ። እኔ በር በሩን የማየው አንቺን ነበር።»
መንገድ ሄጄ ነበር ማለት እችል ነበር... አፌ እምቢ አለ። «ቤት ነበርኩ። ጩኸቱን ሰምቼ ነው የቀረሁት» አልኳት።
አለቀሰች። እኔም። አላቀፈችኝም።

ጥቅምት 14
መጣች! ሳትቀመጥ ከፈተችው። «ራሙ በደንብ አልገባም» አለች። ጫፉን በላጲስ ፈተግ ፈተግ አድርጋ ተጫነችው፤ ቀጭ አለ። ኮምፒውተሩ ተነሳ። ፎቶዎቹ ሁሉም አሉ። ፍላሽ አውጥታ ገለበጠችልኝ።
ከዚያ መልሳ አጠፋችው። «አሁን ደግሞ አንቺ ፍቺው።» ሁለቴ አስፈታችኝ፣ ሁለቴ አስገጠመችኝ። «ካሁን በኋላ ራስሽ ትችያለሽ» አለች። ሻይ ላፍላልሽ ብል፣ «ሥራ አለብኝ።»
ልትረዳኝ ነው ያስተማረችኝ ወይስ ዳግም ላለመምጣት?
በሩ ጋ ስትደርስ ዞር ብላ፣ «እሁድ ለእናቴ ሰደቃ እናወጣለን» አለች። ነይ አላለችም።

ጥቅምት 16
ሄድኩ። ማን ምን ይለኝ ይሆን እያልኩ... ጓዳ ገብቼ ከሴቶቹ ጋር ሰሃን አጠብኩ። ከቴፒ የመጣችው አክስቷ «ይቺ ደግሞ ማናት?» ብላ ጠየቀች።
«ጎረቤታችን ናት» አለች ሐፍሳ።
ድሮ «እህቴ» ነበር የምትለው። ይሁን።
ስወጣ በሩ ላይ ጫማ ተከምሯል። ሐፍሳ ጎንበስ ብላ ከመሃሉ የኔን አነሳችና እግሬ ሥር አስቀመጠችልኝ። የትኛው ነው ብላ አልጠየቀችኝም።