ብቻዬን ሽማግሌ ላደረጉኝ የሰርቨር አለቃ

ይህን ደብዳቤ የምትጽፈው የኢስትሊ ሰፈሯ ልብስ ሰፊ ፋናዬ ናት። እጁ የእሷ ነው፣ ቃሉ ግን የእኔ የረታ ነው። ፊደል ባልቆጥርም ሰው አስታርቄ፣ ልጅ ድሬ ያረጀሁ ነኝና ቃሌን እንዳታለሳልሰው አስጠንቅቄያታለሁ።

ለተከበሩ ኢንጂነር ሕዝቅያስ፣ የማኅበራችን የመልእክት ሰርቨር አለቃ፣ ኪሊማኒ፤

ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? በማሽንዎ በኩል ብጠይቅዎ መልሱን የሚሰማው የልጅ ልጄ ስለሚሆን በወረቀት መጠየቄን ይቅር ይበሉኝ። እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ።

አንደኛ፤ ያለፈው ቅዳሜ ለልጅ ልጄ ለማዕረግ ሚስት ልንጠይቅ ኪሌሌሽዋ ሰፈር፣ አቶ ዘርይሁን ቤት ቀጠሮ ነበረን። ሽማግሌዎቹን እንዲጠራ መልእክቱ ለማሽንዎ ተሰጥቶ ነበር። እኔ ጋቢዬን ደርቤ በማታቱ ታክሲ ደረስኩ፤ ሌሎቹ ግን አልተጠሩምና አልመጡም። የልጅቷ አባት ሽቅብ ቁልቁል አይተውኝ፣ ሦስት ሲሆን ሽማግሌ ነው፣ አንድ ሲሆን ግን እንግዳ ነው ብለው ሻይ አጠጥተው ሸኙኝ። ሻዩ ጥሩ ነበር፤ ስለ ግብዣው እርስዎን አመሰግናለሁ። ጥሪው ሰኞ ደረሰ። ሽማግሌዎቹም ታዛዦች ናቸውና ሰኞ ያለ እኔ ሄዱ፤ የግቢው ዘበኛ የውሃ ቆጣሪ ሊያነቡ የመጡ መስሎት ወደ ቆጣሪው ወሰዳቸው።

ሁለተኛ፤ በስልክ በትሕትና እንዳስረዱኝ፣ በሰርቨሩ ውስጥ ትሬድ የሚባሉ ሠራተኞች አሉ፤ ቁጥራቸውን የሚወስኑት እርስዎ ነዎት፤ የፈቀዱትም አራት ብቻ ነው። አራቱም በአደይ አበባ የተከበበ፣ እርስዎም ያሉበትን የማኅበሩን ኮሚቴ ፎቶ ይዘው ለእንቁጣጣሽ ሰላምታ ተልከው ነበር። ፎቶው ከብዶ አልገባ ሲል ያለ ዕረፍት እንዲሞክሩ አዘዋቸዋልና የእኛ ጥሪ ከኋላቸው ተሰልፎ ቀረ። እንዲህ ያለ ጽናት ስላስተማሯቸው ከልቤ አመሰግናለሁ። ነገር ግን ጌታዬ፣ እምቢ መባልን እኛም እናውቀዋለን። ሽማግሌ እምቢ ሲባል ቀጠሮ ተቀብሎ ይመለሳል፤ እስከዚያው ለሌላው መንገድ ይለቃል እንጂ ደጃፍ ላይ ተገትሮ አላፊ አግዳሚውን አያግድም። ይህን ለማሽኑ መንገር ይከብዳል ወይ ብልዎ፣ አንድ መስመር መቀየር ብቻ ነው አሉኝ። አንድ መስመር! እኔ አንድ መስመር ማንበብ ባለመቻሌ አፍር ነበር፤ እርስዎ እየቻሉ አለመቀየርዎ አጽናናኝ።

ሦስተኛም ነበረኝ፤ ፋናዬ ስትስቅ ጠፋኝ።

አቶ ዘርይሁን ደግ ሰው ናቸውና ለመጪው ቅዳሜ ሌላ ቀጠሮ ሰጥተውናል፤ ከዚህ በኋላ ግን አይሰጡም። እንግዲህ የማዕረግ ትዳር የተንጠለጠለው በዚያች መስመር ላይ ነው። ስለዚህ እምቢ የተባለው ሠራተኛዎ ቀጠሮ ይዞ ይመለስ። ከአራቱም አንዱን ለሽማግሌ ጥሪ ብቻ ለይተው ያቁሙልን፤ ኮሚቴው በሙሉ ቢለምነውም ንቅንቅ አይበል።

የከበበዎት አበባ ሳይጠወልግ ያቆይዎ እያልኩ፣ ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ጎንበስ ብዬ እጅ እነሣለሁ።

ረታ፣ ኢስትሊ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የሰርጉ ቀን ከተቆረጠ እንግዳውን ሁሉ ቤት ለቤት ዞሬ እጠራለሁ። የእርስዎን ጥሪ ብቻ በማሽንዎ እልክልዎታለሁ።

በይ ፋናዬ፣ አሁን ከላይ ጀምረሽ አንብቢልኝ።